ስልክ ከጠራ ዙሩ ፈርሷል

የልጅ ልጄ ሰሚራ ባለፈው እሑድ ከስልኳ ላይ አንድ ጨዋታ አጠፋች። እንደ ቀልድ ነው ያጠፋችው። ጣቷን ጫን አድርጋ ያዘችና እነዚያ ሁሉ ከረሜላዎች ብን ብለው ሄዱ። «ምነው ልጄ፣ ምሳ እንኳ ሳትበዪ ስታፈነጂው የምትውዪውን?» አልኳት። «እማማ፣ እሱ እኮ ድሮ ቀረ። አሁን ማንም አይጫወተውም» አለችኝ። ድሮ ስትል ሳቄ መጣ። የሷ ድሮ ያለፈው ክረምት ነው። ያኔ ከተማችን መካነ ሰላም ውስጥ ከረሜላ የማያፈነዳ ሰው አልነበረም። ጤና ጣቢያ ተራዋን የምትጠብቅ ነፍሰ ጡር ታፈነዳለች፤ የጨርቅ ሱቋ ልጅ «ሜትሩ ስንት ነው?» ስትባል ቀና ሳትል ታፈነዳለች፤ የጎረቤታችን ሙሽራ እንኳ በሰርጓ ቀን ከወንበሯ ላይ ሆና፣ ከቬሏ ሥር ስታፈነዳ በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን ሁሉም ጥሎታል። ሰሚራ ሌላ ነገር ከፍታ ሰዎች አንዳንድ ደቂቃ እየጨፈሩ የሚጠፉበትን ታያለች። እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ጨዋታ የሚያልቀው መቼ ነው? ሰው ሲሰለቸው ነው፣ ወይስ የሚያሸንፈው ሰው ሲያጣ? ሰሚራን ብጠይቃት «ኧረ እማማ፣ ጨዋታ እኮ ነው» ብላ ፊቷን መለሰች። እኔም ከወንበሬ ሳልነሳ በሐሳቤ ወደ ድሮዋ ሻይ ቤቴ ሄድኩ።

ሻይ ቤቴ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ፣ ማዕዘኑ ላይ ነበረች። ዛሬ እዚያ ቦታ ፎቅ ቆሟል፤ መስተዋቱ ፀሐይዋን እየመለሰ ዓይን ይወጋል። ያኔ ግን ጭቃ ግድግዳና ቆርቆሮ ጣራ ነበረች፤ በሯ ሰማያዊ፣ ወንበሮቿ ረጃጅም አግዳሚ፣ ከበረንዳዋ ላይ ደግሞ የአያ ሙሄ የልብስ ስፌት መኪና። ክረምት ላይ ጉሙ ከዓባይ በረሃ በኩል እየተጎተተ ወጥቶ ከተማውን ሲውጠው፣ ሰው ሻይ ቤቴን የሚያገኛት በስፌት መኪናው ድምፅ ነበር። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም ነው። በኋላ ሰባ አምስት ሳስገባው አንድ ሳምንት ሙሉ ተኮረፍኩ። ቦምቦሊኖ አንድ ብር ነበር፤ አንድ ብር ስላችሁ ደግሞ የሁለት እጄን መዳፍ የሚሞላውን ነው። አሁን ለሰሚራ ሃምሳ ሳንቲም ባሳያት ለጉትቻ ትፈልገዋለች። ልጃገረዶቹ ቁርጭምጭሚት የሚነካ የጂንስ ጉርድ ለብሰው ባለ አበባ ሻሽ ያስሩ ነበር። የጎረምሶቹ ሱሪ ከጫማቸው ተርፎ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ጭቃውን ይጠርጋል። ከቆላ የሚመጣው ገበያተኛ ኮንጎ ጫማውን ወንዝ ላይ አጥቦ፣ በእጁ ይዞ፣ ከተማው አፍ ላይ ሲደርስ ያጠልቀዋል። ዓርብ መንዙማ እከፍታለሁ፤ በሌላው ቀን የሰፈሩ ሰው የፈለገውን ካሴት ያመጣል፤ ካሴቱ ሲቀረቀር በእስክሪብቶ እናጠነጥነዋለን። አገሩን የሚገዛው ያ የቀድሞው መንግሥት ነው። ስብሰባው ብዙ ነበር፤ ከስብሰባው በኋላ ሻይ ስለሚጠጣ አልቀየምኩትም።

ለምን የጨዋታ ዳኛ እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ግን ሰው ተራው ሲወሰድበት ዝም ማለት አልችልም። አላህ እንዲህ አድርጎ ፈጠረኝ። ሚኒባስ ላይ ቀድማ የቆመችውን አሮጊት ገፍቶ የሚገባ ጎረምሳ ካየሁ ኮሌታውን ይዤ አወርደዋለሁ። ስኳር ሲታደል የቀበሌው ጸሐፊ ለአክስቱ ቀድሞ ሲመዝን አይቼ ሚዛኑ ላይ ቁጭ ብያለሁ፤ «መጀመሪያ እኔን መዝነኝና ከዚያ ተራውን ጠብቅ» ብዬው። ልጄ ሐያት ታፍርብኝ ነበር። «እማዬ፣ ያንቺ ያልሆነ ጠብ አለ ግን?» ትለኛለች። እውነትም የለም።

ስልክ ከተማችን ሲገባ መጀመሪያ አንቴናው ተተከለ፣ ከዚያ ሲም ካርዱ ጠፋ። ሰው ለሲም ካርድ ተመዝግቦ እንደ ልጅ ምጥ ይጠብቅ ነበር። እህቴ ከጂዳ ስትመለስ ለሐያት አንዲት ትንሽ ስልክ አመጣችላት፤ ግራጫ፣ ቁልፎቿ የሚጫኑ፣ መስኮቷ አረንጓዴ። ለመደወል ገንዘብ ያስፈልጋል፤ እባቧ ግን በነፃ ነበረች። እንዲህ ነው፦ መስኮቱ ውስጥ አንዲት ጥቁር እባብ ትሳባለች፤ ነጥብ ስትበላ ትረዝማለች፤ ግድግዳ ከነካች ወይም የራሷን ጅራት ከነከሰች ትሞታለች። ሌላ ምንም የላትም። ግን በሁለት ወር ውስጥ ከተማው አበደ። መምህሩ፣ ነጋዴው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ በገበያ ቀን በቅሎውን ደጅ ያሰረው ገበሬ ሳይቀር አግዳሚዬ ላይ ተሰድሮ ተራ ይጠብቃል። ስልክ ያላቸውም የራሳቸውን ትተው በሐያት ስልክ ነው የሚጫወቱት፤ የአንዱ ስልክ ቁልፍ ለስላሳ፣ የሌላው ደረቅ ስለሆነ ውድድሩ በአንድ ስልክ ይሁን ብዬ የፈረድኩት እኔ ነኝ። ፍጥነቱም ዘጠኝ ላይ ይሁን አልኩ፤ በዚያ ፍጥነት እያንዳንዱ ንክሻ ዘጠኝ ይቆጠራል። ተራ በተራ፤ የሞተ ሞተ፤ «እጄ አንሸራቶኝ ነው» ማለት የለም፤ መሃል ላይ አቁሞ ጣት ማፍታታት የለም። ስልኳ የምታስቀምጠው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ ከሁሉ የበለጠውን። ከሱ ያነሰ እንዳልተጫወተ ነው።

አያ ሙሄ እዚህ ላይ ነው የተያዙት። ሃምሳ ዓመት የሞላቸው፣ ሜትራቸው ከአንገታቸው የማይወርድ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ግን እባቧ ላይ ሲቀመጡ ልጅ ነበሩ። ታዲያ እባባቸው ረዝማ መዞሪያ ስታጣ ሁልጊዜ ስልኩ ይጠራል። ስልክ ሲጠራ ጨዋታው ራሱን ያቆማል። ደዋዩ ደግሞ ወዲያው ይዘጋዋል፤ ያው የኛ ሰው ሚስኮል ነው። አያ ሙሄ ላባቸውን ጠርገው፣ ጣታቸውን አፍታተው፣ እባቧን በየት እንደሚያወጧት አስበው ይቀጥላሉ። አንድ ጊዜ ሆነ፤ ሁለተኛ ሆነ። በሦስተኛው እኔ ዓይኔን ከእባቧ አንስቼ ወደ መንገዱ ማዶ፣ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ወደ ሰይድ ጣልኩት። አያ ሙሄ ሦስት ጊዜ ሳሉ። ሰይድ ምላጩን ከደንበኛው ጉንጭ ላይ አነሳና እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ስልኩ ጠራ።

«አያ ሙሄ፣ ሳሉ መቼ ጀመረዎ?» አልኳቸው።

«ብርዱ ነው እት ዘሐራ። ብርዱ ጨርሶኛል።»

«እሺ። ሰይድስ የሚደውለው በርዶት ነው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ግማሽ ጺሙን የተላጨው የሰይድ ደንበኛ ሳይቀር አረፋውን እንደያዘ መጥቶ በር ላይ ቆመ። «ወላሂ እኔ…» ሲሉ አቋረጥኳቸው። «ወላሂን ይተዉት! ለእባብ ብለው አላህን ምስክር አይጥሩ!» የዚያን ቀን ከደብተር ወረቀት ቀደድኩና በእነዚያ እንደ ጎባጣ ሰው በሚያጎነብሱት ፊደሎቼ ጻፍኩ፦ «ስልክ ከጠራ ዙሩ ፈርሷል።» ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። አያ ሙሄ ሁለት ቀን አኮረፉ፤ በሦስተኛው ቀን ሻይ ጠጥተው የወረቀቱን ጠርዝ በመርፌ ቁልፍ አጠበቁልኝ፤ ነፋሱ እያወዛወዘው ስለነበር።

ከዚያ ወረቀት በኋላ ሐያት ተቀመጠችና በአንድ ዙር አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰባ አስገባች። መቶ ሠላሳ ጊዜ ነው ያበላቻት። ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ ሻሿ ወደ ኋላ ወርዶ፣ ትንፋሿን ሰብስባ። ስትጨርስ ቤቱ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ ሰው «አንድ ሺህ ገባሁ» ቢል «ሐያት ጋ ገና ነህ» ነው የሚባለው። መንገድ ላይ ሰላም ሲሏት እንኳ በቁጥሯ ይጠሯት ነበር። ያን ጊዜ ሃያ ዓመቷ ነው።

በዚያው ዓመት አረብ አገር ሄደች። ስልኩን ለኔ ተወችልኝ። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል በመስኮት ብቅ አለችና «እማዬ፣ ሰው እንዳትከለክዪ፤ በሐቅ የበለጠኝ ይውሰደው» አለች። እየሳቀች ነው ያለችው፤ ማንም እንደማይበልጣት ስለምታውቅ ነው። ተነጋግረን ነበር። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አንድ ሚስኮል ካደረገች «ደኅና ነኝ» ማለት ነው። ሁለት ከሆነ «ልደውል ነው፣ ስልኩን ይዘሽ ቁጭ በይ» ነው። በየዓርቡ እዚያች ማዕዘን ላይ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ እጠብቃለሁ። አንዴ ድር ብሎ ሲቆም «ደኅና ናት» እላለሁ፤ ቤቱ ሁሉ «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም። አንዳንድ ጊዜ ማታ ላይ ስልኳን ከፍቼ ሌላ ነገር ሳላደርግ ያንን ቁጥር ብቻ አያለሁ። አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰባ። ፎቶዋ ግድግዳ ላይ አለ፤ ግን ፎቶውን ያነሳው ሌላ ሰው ነው። ቁጥሩን በጣቷ ነው የሠራችው።

ከዚያ አንድ ዓርብ ሳትደውል ቀረች። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ አለፈ። ሰባት ዓርብ። የሰው ልጅ ከዚያ ምድር በሣጥን ሲመጣ አይተናል፤ ስሙን ማንም አይጠራውም እንጂ ሁሉም ያስበዋል። ጎረቤት ሲገባ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አያ ሙሄ በኔ ፊት መሳቅ ተዉ። አንዳንዱ «እት ዘሐራ፣ ስልኳን እናሳርፋት፤ ጨዋታው ይቅር» አለኝ። እኔ እንቢ አልኩ። ጨዋታውን ያቆምኩ ቀን ልጄን የቀበርኳት ይመስለኝ ነበር። «ተራውን የያዘ ይቀመጥ!» እያልኩ እንደ ድሮዬ እጮሃለሁ፤ ውስጤ ግን ሌላ ነው። የተቀመጠው ሁሉ እንዲሞት፣ ቁጥሯን ሳይነካ እንዲሞት እመኝ ነበር። ዳኛ ሆኜ እንደዚያ መመኘቴ ያሳፍረኝ ነበር፤ ግን እመኝ ነበር።

በስምንተኛው ሳምንት፣ በገበያ ቀን፣ ተራው የመምህር አስፋው ነበር። የሒሳብ መምህር ነው፤ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት አረንጓዴ ኮት የማይለየው። ለመምህርነቱ አንቱ ልለው ስል «ልጅዎ ነኝ፣ አንተ ይበሉኝ» ብሎ ከልክሎኛል። ሲጫወት አይናገርም፤ እባቧን በመስኮቱ ጠርዝ ጠርዝ እያስኬደ እንደ አልጋ ልብስ ያጣጥፋታል። ያን ቀን ስምንት መቶ ሲያልፍ ሻይ የያዘው ሁሉ ብርጭቆውን አስቀመጠ። አንድ ሺህ ሲያልፍ ገበያተኛው ደጅ ላይ ተደረበ። አያ ሙሄ ከትከሻው በላይ ሆነው ይቆጥራሉ፦ «አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ሦስት። አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ ሁለት።» ሁለት ንክሻ ቢበላ ከሐያት ይተካከላል፤ በሦስተኛው ያልፋታል። ቤቱ ሁሉ እሱን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው። እኔ እጄን ሽርጤ ውስጥ ደብቄ እባቧን አያለሁ።

ስልኩ ጠራ።

መምህሩ ደንግጦ ሊጥለው ነበር። መስኮቱ ላይ የማላውቀው ረጅም ቁጥር፣ የውጭ አገር ቁጥር ወጣ። ነጥቄው በየትኛው ቁልፍ እንደሚነሳ ጠፋኝ፤ አያ ሙሄ ናቸው ጣታቸውን የሰደዱት።

«እማዬ?»

«ሐያት! ሐያቴ!»

«እማዬ፣ ካርዱ ትንሽ ነው፣ ቶሎ ልበልሽ። ስልኬን ወስደውብኝ ነበር። አሁን ቤት ቀይሬያለሁ። ደኅና ነኝ፣ አልታመምኩም። እሺ?»

«አልሐምዱሊላህ። አልሐምዱሊላህ። ምግብስ ትበያለሽ?»

«እበላለሁ። እማዬ፣ ቁጥሬ አለ?»

ያን ሁሉ ሰው፣ ያን ሁሉ ዓይን አየሁ። እኔ ለልጄ ዋሽቼ አላውቅም። «እስካሁን አለ» አልኳት። ሳቋ መጣ፣ ሩቅ እንደ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ። «አደራ…» ስትል መስመሩ ተቆረጠ። ምን አደራ እንደሆነ ሳልሰማ ቀረሁ።

ቤቱ አለቀሰ። አያ ሙሄ በሜትራቸው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ሰይድ ከማዶ መቀሱን እንደያዘ ሮጦ መጣ፤ «እኔ አይደለሁም የደወልኩት፣ ወላሂ እኔ አይደለሁም!» እያለ። እንባና ሳቅ ተደባለቀ። ከዚያ መምህር አስፋው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠና ወደ ግድግዳው አመለከተ።

«እትዬ ዘሐራ፣ ስልክ ጠርቷል። ዙሩ ፈርሷል።»

«አዎ ፈርሷል!» አለ ቤቱ። «ሕግ ሕግ ነው! የሐያት ቁጥር ይኖራል!» ሁሉም ደስ ብሎት ነው። የራሴ ወረቀት፣ የራሴ ጎባጣ ፊደል ለልጄ ቆሞላታል። ዝም ብል ማንም ክፉ አይለኝም። እውነቱን ለመናገር «ፈርሷል» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ግን ወረቀቱን ሳየው ለምን እንደጻፍኩት ትዝ አለኝ። ማንም በጥሪ እንዳይጠቀም ነው የጻፍኩት። አሁን ደዋይዋ የኔ ልጅ ናት፤ በጥሪው የምትጠቀመውም እሷው ናት። አያ ሙሄን በሳላቸው ያሳፈርኩ ሴት፣ ልጄ ደውላ የሰው ዙር ስታፈርስ «ሕግ ነው» ብዬ ልቀመጥ?

«አልፈረሰም» አልኩ። «ቀጥል።»

«እትዬ፣ ኧረ በማርያም!»

«ማርያምንም እባብ ውስጥ አታግባ። ሕጉ ማንም በጥሪ እንዳይጠቀም ነው። ደዋይዋ ልጄ ናት። ቀጥል አልኩ።»

አያ ሙሄ «እት ዘሐራ፣ ዛሬ እንኳ!» አሉ። «ዛሬማ ይባስ» አልኳቸው። መምህሩ ስልኩን አነሳ። ጨዋታው ሲነሳ እባቧ ቀጥ ብላ ወደ ግድግዳው ስትሄድ አየሁ፤ እሱም ጣቱን አያንቀሳቅስም። ገባኝ። ሊገድላት ነው፤ አዝኖልኝ።

«አስፋው!» ብዬ ስጮህ ደጅ ያለችው በቅሎ ደነበረች። «በአንተ ምሕረት የምትበልጥ ልጅ የለችኝም! አዙራት!»

አዞራት። ለጥቂት ነው ግድግዳውን የሳተችው። አንዱን በላ። ሁለተኛውን በላ። ሦስተኛውን ሲበላ ማንም አልጮኸም። እስከ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስድስት ሄዶ እባቧ ጅራቷን ነከሰች። ስልኳ ያቺን ትንሽ ደስታዋን ጢን ጢን አለችና የሐያትን ቁጥር ጠርጋ የሱን ጻፈች። መምህር አስፋው አላመሰገነኝም፣ እኔም እንኳን ደስ ያለህ አላልኩትም። የሻዩን ከፍሎ ወጣ። እኔ ብርጭቆዎቹን ማጠብ ጀመርኩ፤ የታጠቡትንም ደግሜ አጠብኳቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለት ሚስኮል መጣ፣ ከዚያ ደወለች። ሳትጠይቀኝ ነገርኳት። «ቁጥርሽ የለም። መምህር አስፋው በልጦሻል።» መስመሩ ላይ የሰው ቤት ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማኛል። «እሺ» አለችና ዘጋች። ከዚያ በኋላ በየዓርቡ አንድ ሚስኮል ብቻ፤ ደኅና ነኝ። ሁለት አልመጣም። ዓመት ሊሞላ እስኪል ድምፅዋን አልሰማሁም። ሐቅ አደረግሁ ብዬ ሆዴን ላጸናው እሞክር ነበር፤ ግን አንድ ዓርብ ላይ፣ ስልኩ አንዴ ድር ብሎ ዝም ሲል፣ ወረቀቱን ከግድግዳው ቀድጄ ልጥለው እጄን ሰድጄ ነበር። አያ ሙሄ ናቸው «ተዪው እት ዘሐራ፣ እኔን ያሳፈረ ወረቀት ነው፣ ይኑርልኝ» ያሉኝ።

የመጣች ቀን ጥቁር አባያዋን ሳታወልቅ፣ ሰላምታው ሳያልቅ፣ «ስልኩስ?» አለች። ሰጠኋት። ተቀመጠችና ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አወጣች። መቶ ሠላሳ ጊዜ ያበላቻት ልጅ በአሥራ አንደኛው ሞተች። መዳፏን አየሁት፤ በበረኪና ተልጦ፣ አውራ ጣቷ አጥንቱ ወፍሮ ነበር። እንዳየሁት አየችና እጇን አባያዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ሳቀች፤ ያ በስልክ የሰማሁት ሳቅ ነው።

«እማዬ፣ ያን ቀን አደራ ስልሽ ተቆረጠ። ምን ልልሽ እንደነበር ታውቂያለሽ? አደራ ቁጥሬን እንዳታስነኪብኝ ልልሽ ነበር።»

«እሺ።»

«ካርዱ ቶሎ ማለቁ በጀሽ።»

አላህ ምስክሬ ነው፣ ብትጨርሰውም ኖሮ አስነካው ነበር። ይህን ግን አልነገርኳትም። «ተናድጄብሽ ነበር» አለችኝ። «እዚያ ስተኛ ‹አገሬ ላይ አንድ የምበልጥበት ቦታ አለ› እል ነበር። የለም ስትይኝ ኮንትራቱን ላድስ የነበረውን ተውኩት። ሄጄ ላስመልስ ብዬ ነው የመጣሁት።» ቀልድ ይሁን እውነት ፊቷ ላይ መለየት አቃተኝ። መምህር አስፋው ግን ያኔ ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ አጅባር ተዛውሮ ነበር። የቀረን ቁጥሩ ነው።

ሐያት አገባች፣ ሰሚራን ወለደች፣ ሻይ ቤቱ ፈርሶ ፎቅ ሆነ፣ አያ ሙሄን አላህ ይማራቸው። እባቧን ከተማው በየትኛው ወር እንደተዋት እንኳ አላስታውስም። ባለ መስተዋት ስልክ መጣና ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ለየብቻው ገባ። ሰሚራ ስታፈነዳው የነበረው ከረሜላ ስትሸነፍ «ግማሽ ሰዓት ጠብቂ ወይም ክፈዪ» ይላል። የከፈለ ያልፋል። ዳኛ የለበትም፤ ከትከሻ በላይ ሆኖ የሚቆጥርልሽ የለም፤ ማንን እንደበለጥሽ አታውቂም። እንዲህ ያለው ቢያልቅ አይገርመኝም። የኛ ግን፣ ሰሚራ ትስቃለች እንጂ፣ አላለቀም። ያቺ ግራጫ ስልክ አሁንም አለች። ባትሪዋ ሞቷል፤ ሶኬት ላይ ካልተሰካች አትነሳም። መብራት ባለበት ቀን ሐያት ከሥራዋ ስትመለስ ግድግዳው ሥር በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ፣ ገመዱን በትከሻዋ አሳልፋ፣ ትጫወታለች። እኔ አጠገቧ ወንበር ይዤ እዳኛለሁ። አምና ፓስፖርቷን አሳደሰች። «ለምን?» ብላት «ቁጥሬን ካስመለስኩ እዚህ ምን እሠራለሁ?» አለችኝ። አሁንም ቀልድ ይሁን እውነት አልለየሁትም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሰሚራ እንኳ ስልኳን ዘግታ መጥታ ከእናቷ ትከሻ በላይ ቆመች። ሐያት አንድ ሺህ አለፈች። አንድ ሺህ አንድ መቶ አለፈች። ሰሚራ ጮክ ብላ ትቆጥራለች፦ «አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰባ ዘጠኝ። አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ስምንት!» ሁለት ንክሻ ቢሆን ከመምህሩ ትተካከላለች፤ በሦስተኛው ታልፈዋለች። እነዚያ ጣቶች ድነዋል፤ እንደ ድሮው ይሮጣሉ። ኮሽታ እንዳላሰማ ትንፋሼን ያዝኩ። ነጥቧ ጥጉ ላይ ናት፤ እባቧ ዞረች፤ አፏን ከፈተች።

መብራት ጠፋ።

የስልኳ መስኮት ጨለመ። ሰሚራ ጮኸች። ሐያት የጨለመውን መስኮት ለአፍታ አየችና ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «እሺ ዳኛ?» አለች።

በሕይወቴ የፈረድኩትን ሁሉ አስቤ ነው የምናገረው። መብራቱ ሲጠፋ ደስ አለኝ። ዳኛ ደስ ሊለው አይገባም፤ እኔን ግን ደስ አለኝ። ፊቴን እንደምንም አኮሳትሬ «ፈርሷል» አልኩ። «መብራቱ ሲመጣ ከመጀመሪያው።»

ሐያት ፊቴን አይታ አይታ ሳቀች። ገመዱን ከሶኬቱ አልነቀለችም። በርጩማዋን ወደ ወንበሬ ጠጋ አድርጋ ተቀመጠች፤ እኔም አልተነሳሁም።